አመሰግናለሁ፤ ግን ስለምኑ?

አንድ አትሌት ሮጦ ሲያሸንፍ ላቡ ሳይደርቅ ማይክራፎን ይደቀንበታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እኔም እናንተም በቃላችን እናውቀዋለን። «በመጀመሪያ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ቀጥሎ ፌዴሬሽኑን፣ ክለቤን፣ አሰልጣኜን፣ ቤተሰቤን፣ በጸሎት ያልተለየኝን የኢትዮጵያን ሕዝብ አመሰግናለሁ።» አለቀ። ጋዜጠኛውም በተራው ያመሰግንና ወደ ስቱዲዮ ይመልሰናል።

ክፋት የለውም። ፈጣሪን ማስቀደም ወጋችን ነው፤ ሕዝብንም መርሳት አይገባም። ደሞስ አሥር ሺህ ሜትር ሮጦ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው «ንግግርህን አሳምር» ማለት ግፍ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ፣ በክለቡና በቤተሰቡ መካከል ተሸጉጦ የሚያልፈው አሰልጣኝ የሚመሰገነው ስለምኑ ነው? ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሰዓት ይዞ ስለቆመ ነው? ልጁ «በቃኝ፣ አገሬ ልግባ» ያለ ቀን ቤቱ ወስዶ እራት ስላበላው ነው? አይነገረንም። የልምምድ ጓደኞቹማ ጭራሽ ዝርዝሩ ውስጥም አይገቡ። ከፊት እየሆኑ ነፋሱን የተቀበሉለት፣ ዳገቱ ላይ «አይዞህ፣ ትንሽ ናት» እያሉ ለዚያ ቀን ያበቁት ልጆች በዚያች ሰዓት ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠው ቴሌቪዥን እያዩ ነው።

«ታዲያ ይኼ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ቁም ነገር የሚያደርገው ልጆች ስለሚያዩን ነው። ታዳጊ ስፖርተኛ ከትልልቆቹ የሚቀዳው አሯሯጥና አመታት ብቻ አይደለም፤ የደስታ አገላለጹንም ይቀዳል። እስቲ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈር ሜዳ ዳር ቆማችሁ እዩ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ጎል ያገባና እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ብቻውን ወደ ማዕዘኑ ይበራል። ሦስት ሰው አታልሎ ኳሷን እግሩ ሥር ያስቀመጠለት ልጅ መሃል ሜዳ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቀርቷል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። በቴሌቪዥን ያየው እንደዚያ ነው።

ለጥያቄዬ ጥሩ መልስ ያገኘሁት ከፓሪስ ነው። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በ2024 ኦሊምፒክ በወንዶች ማራቶን ኢትዮጵያን ይወክላሉ ከተባሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ሲሳይ ለማ ነበር። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ የቦስተን ማራቶንን ያሸነፈ ሰው ነው። ታምራት ቶላ ደግሞ በ2022 የዓለም ሻምፒዮን ቢሆንም ለፓሪስ የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ በጉዳት ምክንያት ወጣ፤ ታምራት ተተካ። ኦገስት 10 ቀን ታምራት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨረሰ። ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በ2008 ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ አሻሻለው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃም ደግ ነበር። ታምራት ግን ከድሉ በኋላ ሲናገር፣ ሲሳይ ሕመም ስለተሰማው «ከእኔ ይልቅ እሱ ይሻላል» ብሎ ዕድሉን እንደሰጠው፣ ስለዚህም እንደሚያመሰግነው፣ ድሉ የሲሳይም ጭምር እንደሆነ ገለጸ። ልብ በሉ፤ ሰውየውን በስሙ ጠራው። ያደረገለትን ነገር ለይቶ ተናገረ። ከዚያም ከድሉ አካፈለው። ሦስት ነገር ነው፤ ደቂቃም አልፈጀ። ሲሳይ ለማ በዚያ ቀን አንድ እርምጃ አልሮጠም። ያንን የሰማ ሰው ግን ሲሳይን ከፓሪስ ወርቅ ለይቶ ማሰብ ይከብደዋል።

አሁን ደግሞ ወደ 1980 ልመልሳችሁ። ሞስኮ ላይ ምሩጽ ይፍጠር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ አመጣ። «ማርሽ ቀያሪው» የሚለውን ቅጽል ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። በ10 ሺህ ሜትሩ ፍጻሜ ግን የሮጡት ኢትዮጵያውያን ሦስት ነበሩ፤ ምሩጽ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ። መሪነቱን እየተቀባበሉ፣ አንዴ እያፈጠኑ አንዴ እያረገቡ፣ ፊንላንዳውያኑን ላሲ ቪረንንና ካርሎ ማኒንካን አደከሟቸው። በመጨረሻው ዙር ምሩጽ ማርሹን ቀየረ። ከድር ሦስተኛ ወጣ። ቶሎሳ አራተኛ ሆነ፤ ለአራተኛ ሜዳሊያ የለም። እስቲ ሰው በተሰበሰበበት «ከምሩጽ ጋር እነማን ሮጡ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ከአሥር ሰው አንዱ ቢመልስ ነው። ማርሽ የሚቀየረው እኮ እየሄደ ባለ መኪና ላይ ነው። መኪናውን ሲያስኬዱት የነበሩት ሰዎች ስም ነው የጠፋን።

ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው? ውለታ ቢስ ሕዝብ ስለሆንን አይመስለኝም። እንዲያውም ምስጋናችን ብዙ ነው፤ ከአፍ ይልቅ በአካል መናገር ይቀናዋል እንጂ። ታላቅ ሲመጣ እንነሳለን፣ ጉልበት እንስማለን፣ ሲርበው እናጎርሳለን። በ2004 አቴንስ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ወደ ኋላ እየተገላመጡ፣ እግሩን እያመመው የሚሮጠውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሲጠብቁት ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። በኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ ፍጥነት ቀንሶ ታላቅን መጠበቅ! ኃይሌ ሊደርስባቸው አልቻለም፤ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር አገኙ፣ እሱ አምስተኛ ወጣ። የዚያን ቀን ግልምጫ እንደ ምስጋና ነው የምቆጥረው።

በቃል ሲሆን ግን እንታሰራለን። «አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል በቤታችን የባዳ ቃል ነው። ለባንክ ቤት ሠራተኛ እንለዋለን፤ ለስብሰባ ተካፋዮች እንለዋለን። ወንድምህን «አመሰግናለሁ» ብትለው ግን «ምን ባዳ ታደርገኛለህ!» ብሎ ይቆጣሃል። ሰውን ፊት ለፊት ማወደስም ሽንገላ ይመስለናል፤ ልጅ ከሆነማ «አታሞግሱት፣ ይበላሻል» ይባላል። ስለዚህ ምስጋናችንን ሆድ ይፍጀው ብለን እናስቀምጠዋለን። የሚወጣው ሰውየው ሲሞት ነው። ያን ጊዜ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የማይባል ነገር የለም። «እኔን ለዚህ ያበቃኝ እሱ ነው» ይላል አንዱ። እሱ ግን አይሰማም።

ይህ ነገር እኛው ቤት ሲደርስ ያየሁትን ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት የአንድ ክለብ ታዳጊ ቡድን መረጠው። እህቴ በግ አረደች፤ ጎረቤት ተጠራ፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መረቁት። ጨዋታው ሲደራ አንድ ሰው መጉደሉን አየሁ፤ አሰልጣኙ የለም። እህቴን ስጠይቃት ልጁ የጠራው መስሏታል። ልጁ ደሞ እናቱ የጠራችው መስሎታል።

ሰፈራችን በሙሉ «ኮች» እያለ ነው የሚጠራው። ሳምንቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ሥር ተኝቶ ይሠራል። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ደግሞ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አቧራማው ሜዳችን ላይ ይገኛል። ደመወዝ የለውም። ኳስ ሲቀደድ ከኪሱ አውጥቶ ያሰፋል። የእህቴን ልጅ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ያሠለጠነው እሱ ነው።

«ሄደህ አትነግረውም?» አልኩት ልጁን ለብቻው ጠርቼ።

«ሰምቷል እኮ ጋሼ።»

«መስማቱን አላልኩህም። አንተ አትነግረውም ወይ?»

መሬት መሬት እያየ ትንሽ ቆየና «ምን ብዬ?» አለኝ።

ያች «ምን ብዬ?» ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ። ልጁ ውለታ የረሳ ልጅ አይደለም። ኮች ቢታመም ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ቃሉ ግን የለውም፤ ማንም አላስተማረውም። ኳስ ማቆምን ተምሯል፣ ማቀበልን ተምሯል። ይህንን ግን ከየት ይምጣበት?

«ምን አስተማረህ?» አልኩት።

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም አይባልም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ።»

አሰበ፣ አሰበና ፈገግ አለ። «ግራ እግሬን» አለ። ለካስ ልጁ በቀኝ እግሩ ብቻ ነበር የሚጫወተው። ኮች ታዲያ በልምምድ ሰዓት የቀኝ እግሩን ጫማ እያስወለቀ ሁለት ወር ሙሉ አጫወተው። «ቀኝ እግሬ ባዶ ሲሆን በግራዬ ከመምታት ውጪ ምን አማራጭ አለኝ? የመረጡኝ ቀን ያገባኋት ጎል በግራዬ ናት» አለኝ።

«በቃ፣ ይቺኑ ሄደህ ንገረው።»

እሑድ ጠዋት ሄደ። እኔ አብሬው አልሄድኩም፤ የሆነውን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ራሱ ኮች ሻይ ቤት ሲያገኘኝ ነው። «ያ የእህትህ ልጅ መጣና ስለ ጫማው ነገረኝ እኮ» አለኝ። «አንተስ ምን አልከው?» ስለው ሳቀ። «ምን እለዋለሁ? ‹ሂድ ባክህ፣ ልምምድህን ሥራ› አልኩት።» ከዚያ ግን ሳቁ ቆመ። «እኔ'ኮ ያንን የጫማ ነገር ትቼው ነበር። አንዷ እናት ‹ልጄን በባዶ እግሩ አስኬድክብኝ› ብላ ስትቆጣኝ ይቅርብኝ ብዬ ተውኩት። ሠርቶ እንደነበር አላወቅሁም።»

ቀጠለ። «ከሃያ በላይ ልጅ ወደ ክለብ ልኬያለሁ። መግባታቸውን የምሰማው ከሰው ነው። አንዱን የሰማሁት በሬዲዮ ነው፤ ተቀይሮ ሲገባ ስሙ ሲጠራ። ብር ስጡኝ አላልኩም። ግን የሠራሁት ነገር ሠርቶ እንደሆነ፣ ከንቱ ሆኖ እንደሆነ ማን ይነግረኛል? ዘንድሮስ ልተወው ነበር ያሰብኩት።»

ምስጋናን የጨዋነት ጉዳይ አድርገን ነው የምናየው። የኮች ወሬ ሌላ ነገር አሳየኝ። አንድ አስተማሪ የዘራው ዘር መብቀሉን የሚያውቀው የበቀለው ሰው ተመልሶ ሲነግረው ነው። መኪና የጠገነ ሰው ሞተሩ ሲነሳ ይሰማል። ልጅ ያሠለጠነ ሰው ግን ልጁ ሄዶ ከቀረ ምንም አይሰማም። «አመሰግናለሁ» ብቻ ቢባል ደስ ይለው ይሆናል፤ አዲስ ነገር ግን አያውቅም። «ጫማዬን ስላስወለቅከኝ» ሲባል ግን ለሚቀጥለው ልጅ የሚሆን ዕውቀት አገኘ። ኮች አሁንም ሜዳው ላይ ነው። በዚህች በአንድ ንግግር የተነሳ ነው አልልም። ጫማ ማስወለቁን ግን እንደገና ጀምሯል፤ አሁን እናቶችን አስቀድሞ እያስፈቀደ።

«ለእኔስ እሺ፤ እርስ በርሳቸው እንዲመሰጋገኑ ማድረጉ ነው ያቃተኝ» አለኝ በሌላ ቀን። እውነቱን ነው። ለታላቅ ሰው ቢያንስ ወግ አለን፤ እንነሳለታለን፣ ጎንበስ እንልለታለን። ለእኩያ ግን ምን አለን? እኩያ በዚያ ላይ ተፎካካሪ ነው። ክለቡ የሚወስደው ሁለት ልጅ ከሆነ ጓደኛህን ማሞገስ ቦታህን እንደ መስጠት ይመስላል።

ያን ጊዜ ስለ አንድ አሜሪካዊ አሰልጣኝ አጫወትኩት። ዲን ስሚዝ ይባላሉ። ከ1961 እስከ 1997 የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን የቅርጫት ኳስ ቡድን አሠልጥነዋል፤ ማይክል ጆርዳን በእጃቸው ካለፉት አንዱ ነው። እኚህ ሰው ተጫዋቾቻቸውን ያስለመዷቸው አንድ ነገር ነበር። ኳስ ያስቆጠረ ልጅ ኳሷን ወዳቀበለው ልጅ በጣቱ መጠቆም አለበት። ይኸው ነው። ጨዋታው አይቆምም፣ ንግግር አያስፈልግም። ተመልካቹ ግን ዓይኑን ካስቆጠረው ወደ አቀበለው ያዞራል። ስሚዝ በ2015 ሲሞቱ ደግሞ በኑዛዜያቸው ለቀድሞ ተጫዋቾቻቸው ለእያንዳንዳቸው 200 ዶላር ትተውላቸው ተገኙ፤ ወጥታችሁ እራት ብሉበት ብለው። ምስጋናን ያስተማረ ሰው እሱም አመስግኖ ሄደ።

ኮች ነገሩን ወደደው። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ጎል ያገባ ልጅ ያቀበለውን ሳይጠቁም ቢጨፍር አልቆጥርለትም» ብሎ አወጀ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሳቅ ነበሩ። አንዱ ሳያገባ ጠቆመ። ሌላው ሁለት ልጆች «እኔ ነኝ ያቀበልኩት!» እያሉ ሲጣሉ ግራ ገብቶት በሁለት እጁ ጠቆመ። ችግሩ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። የቀኝ ተከላካዩ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ «እኔን ማን ይጠቁመኛል? ጎል የለኝ፣ ጎል የሚሆን ኳስ አላቀብል» አለ።

ልጁ እውነት ተናግሯል። ጣት የሚያየው የመጨረሻዋን ኳስ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮች ሌላ ነገር ጨመረ። ልምምዱ ሲያልቅ ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ሦስት ልጆች ይናገራሉ፤ ዛሬ ጓደኛቸው ሲያደርግ ያዩትን አንድ ነገር። «እከሌ ጎበዝ ነው» ማለት አይቻልም። ኮች ወዲያው «ምን ሲያደርግ አየኸው?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ቀን እኔም ሜዳው ዳር ነበርኩ። በረኛው ተነሳና ስለዚያው ተከላካይ ተናገረ። «እኔ ኳሷን ለቅቄ ስወጣ ሁልጊዜ ጎሉ ውስጥ ገብቶ የሚቆምልኝ እሱ ነው። ኳስ ገደል ስትገባም ሮጦ የሚያመጣት እሱ ነው፤ እኛማ እንተያያለን።» ልጆቹ ሳቁ፤ ተከላካዩም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ያን ጊዜ የገባኝ፣ በረኛው ይህን ለመናገር መጀመሪያ ማየት እንደነበረበት ነው። ለማመስገን የተዘጋጀ ልጅ ዓይኑ ይከፈታል። ኳስ የሌለው ጓደኛው የሚያደርገውን ያያል። የትኛውም አሰልጣኝ ቢሆን ከተጫዋቹ የሚለምነው ይህንኑ አይደል?

ነገሩ የኔና የኮች ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ላንሳ። በታይዋን በታዳጊ ስፖርተኞች ላይ የተደረገ ነው። የምስጋና ስሜታቸው ከፍ ያለ ልጆች በቡድናቸው ይበልጥ የሚደሰቱ ሆነው ተገኙ፤ በልምምድ የመታከትና የመሰላቸት ስሜታቸውም አነስተኛ ነበር። ምስጋናው ነው ደስታውን ያመጣው ወይስ ደስተኛው ነው የሚያመሰግነው የሚለውን እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን አይቆርጥም። ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ግን ለአንድ የሰፈር አሰልጣኝ በቂ ፍንጭ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ካላነሳሁ ጽሑፌ ጎዶሎ ይሆናል። ምስጋናና ውለታ መንታ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ውለታ የሚያስር ገመድ ሊሆን ይችላል። «እኔ ነኝ ሰው ያደረግሁህ» የሚል አሰልጣኝ አለ። ልጁ ገንዘብ ሲያገኝ «ድርሻዬስ?» የሚል አለ። ከዚህም የከፋው፣ አንዲት ልጅ ተመትታ ወይም ተደፍራ ልትናገር ስትል «ያን ሁሉ ያደረገልሽን ሰው?» ተብላ አፏን የምትያዝበት ጊዜ መኖሩ ነው። ልጆቻችን አመስግኑ ስንላቸው ዝም በሉ፣ ተሸከሙ ማለታችን እንዳይመስላቸው መጠንቀቅ አለብን። የበደለን ሰው አመስግን ተብሎ ልጅ አይገደድም። ደሞም የተገደደ ምስጋና ምስጋና አይደለም። ልጆችን አሰልፎ «በሉ ለአሰልጣኛችሁ አጨብጭቡ» ማለት ለፎቶግራፍ ይሆን እንደሆነ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ልጁ ያላየውን ነገር በጭብጨባ አያየውም።

ያደረገልህን ነገር ለይቶ መናገር ጥሩ የሚሆነውም ለዚህ ነው። «የሆንኩትን ሁሉ ያደረገኝ እሱ ነው» ያለ ልጅ ራሱን በሙሉ አስይዟል። «ግራ እግሬን አስተማረኝ» ያለ ልጅ ግን የሰውየውን ድርሻ ሰጥቶ የራሱንም ይዞ ይቀራል። አሰልጣኙ ጫማውን አስወለቀ፤ ሁለት ወር ሙሉ የመታው ግን ልጁ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም አብሮ ቢነገር ደስ ይላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ትልቅ ዘመቻ አያስፈልገውም። ልጃችን ከጨዋታ ሲመለስ የምንጠይቀው «አሸነፋችሁ?» ነው፤ ቀጥሎ «ስንት አገባህ?» እንላለን። ከእነዚህ በኋላ «ዛሬ ማን ምን አደረገልህ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብትጨመርስ? መጀመሪያ «ማንም» ይላል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስም መጥራት ይጀምራል። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራንም በክፍለ ጊዜያቸው መጨረሻ ሦስት ደቂቃ አያጡም። በበቆጂ የደራርቱ ቱሉን፣ የቀነኒሳንና የጥሩነሽ ዲባባን የመጀመሪያ እርምጃዎች ያዩት ስንታየሁ እሸቱም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ስማቸው በዓለም ሊታወቅ የቻለው በ2012 ስለ ከተማዋ ሯጮች በተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። በየከተማው ካሜራ ያልደረሰባቸው ስንት እንዳሉ አስቡት። እነሱ ዘንድ ሊደርስ የሚችለው ያሠለጠኑት ልጅ ራሱ ነው። የስፖርት ጋዜጠኞችም አንድ ውለታ ዋሉልን፤ አትሌቱ ያንን ዝርዝር ሲጨርስ ማይክራፎኑን ቶሎ አትንጠቁት። «አሰልጣኝህን ስለምኑ ነው የምታመሰግነው? ከጓደኞችህስ ማን ነው ዛሬ እዚህ መኖር የነበረበት?» በሉት።

አባቶቻችን ለዚህ ሁሉ የሚሆን ቃል አላጡም ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ፤ ያደረግህልኝን እኔ መክፈል ስለማልችል እሱ በኔ ፈንታ ይስጥህ ማለት ነው። ገመዱ ተፈታ፤ አመስጋኙ ባለዕዳ ሆኖ አይቀርም። ከዚህ ይበልጥ የምወደው ግን መልሱን ነው። የተመሰገነው ሰው «ምንም አይደል» ብሎ አያጣጥለውም፤ «የኔ ነው» ብሎም አይወስደው። «አብሮ ይስጠን» ይላል። ለአንድ ቡድን ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይገኛል? ልጆቻችን የመጀመሪያውን ማለት ሲለምዱ፣ ሁለተኛውንም አብረን ብናስተምራቸው መልካም ነው።